የክረምት በጎ ፈቃድ በወሎ፦ ከምዝገባ እስከ ርክክብ

ጳጉሜን ላይ በየወረዳው የክረምት በጎ ፈቃድ ማጠቃለያ ሲደረግ አንድ ዓረፍተ ነገር አይቀርም፦ «ከመንግሥትና ከኅብረተሰቡ ሊወጣ የነበረ ይህን ያህል ሚሊዮን ብር ማዳን ተችሏል።» አዳራሹ ያጨበጭባል። ብሩ እንዴት እንደተሰላ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። እንኳን ተማሪው፣ ሪፖርቱን ያነበበው ኃላፊም አንዳንዴ ከየቀበሌው የመጣለትን ደምሮ ነው ያነበበው። ወደ ስሌቱ ኋላ እንመለስበታለን። ሥራው ራሱ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚመራውና በምን በምን እንደሚበላሽ ማወቅ ይቀድማል።

ስሙ አንድ፣ ነገሩ አራት

ደሴ ላይ አንድ ተማሪ «ማኅበረሰብ አገልግሎት ልወጣ ነው» ቢል ከአራት ነገሮች የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ካልተጠየቀ አይታወቅም።

በብዛት የሚታወቀው የክረምት በጎ ፈቃድ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሐምሌ ላይ ተጀምሮ እስከ ጳጉሜን ይዘልቃል። ተማሪው የሚያገለግለው በሚኖርበት ቀበሌ ነው፤ ክፍያ የለውም። በአማራ ክልል ሥራውን በዋናነት የሚያስተባብረው የወጣቶችና ስፖርት መዋቅር ሲሆን ክልል ላይ ቢሮ፣ ዞን ላይ መምሪያ፣ ወረዳ ላይ ጽሕፈት ቤት ይባላል። ግብርና፣ ጤና፣ ትምህርትና ከተማ ልማት በየዘርፋቸው ባለሙያ ይመድባሉ፤ ቢያንስ መመደብ ይገባቸዋል። ችግኝ ተከላን ያለ ግብርና ባለሙያ ማስኬድ ምን እንደሚያስከትል ከታች ይታያል።

ሁለተኛው ሰላም ሚኒስቴር የሚመራው፣ «በጎነት ለአብሮነት» በሚል መጠሪያ የሚታወቀው ብሔራዊ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ነው። ይህ ለዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ነው፤ ሥልጠና ወስደው ከትውልድ አካባቢያቸው ውጭ ለወራት ይመደባሉ። የክረምቱን ያገለገለ ተማሪ «ብሔራዊ በጎ ፈቃድ ሠርቻለሁ» ብሎ የሥራ ማመልከቻ ላይ ቢጽፍ መረጃው የተሳሳተ ይሆንበታል።

ሦስተኛው የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበረሰብ አገልግሎት ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ለዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከምርምር ጎን ይህን ኃላፊነት ይሰጣቸዋል። ወሎ ዩኒቨርሲቲና ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ስም የሚሠሩት ሥራ የመምህራን ፕሮጀክት ጭምር ነው። የጤና ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያና ወደ መንደር የሚወጡበት «ቲቲፒ» ደግሞ ውጤት የሚያዝበት ትምህርት ስለሆነ በጎ ፈቃድ ሊባል አይችልም።

አራተኛው ጥርና የካቲት ላይ የሚደረገው የተፋሰስ ሥራ ነው። እርከንና ትሬንች (ውሃ የሚያስቀር ቦይ) የሚሠራበት የገጠሩ ሕዝብ የጉልበት ዘመቻ ነው፤ ተማሪው ከወላጁ ጋር ቢወጣም የሚቆጠረው በቤተሰቡ ድርሻ ነው። አንዳንድ ቀበሌ ይህንኑ ጉልበት «የበጋ በጎ ፈቃድ» ብሎ ሁለተኛ ጊዜ ሪፖርት ያደርገዋል። የበጋ በጎ ፈቃድ የሚባል ነገር አለ፤ ተፋሰሱ ግን እሱ አይደለም።

ተማሪን ማሰማራት አዲስ ነገር አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርደው እንዲያገለግሉ ይገደዱ ነበር፤ አብዛኞቹ ያስተምሩ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪና መምህር ገጠር ወረደ። ሁለቱም ግዴታ ነበሩ። ዛሬ የሚሠራበት ቃል «ፈቃድ» ቢሆንም፣ አንዳንድ ቦታ «ያልመጣ ደብዳቤ አይጻፍለትም» የሚባለው ማስፈራሪያ የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። ሕጋዊ መሠረት የለውም።

ምዝገባና የሐምሌ ካላንደር

ምዝገባው ሰኔ ላይ በቀበሌ ወይም በትምህርት ቤት ክበብ በኩል ይካሄዳል። ቅጹ ስም፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ስልክና የሚመርጡትን የሥራ ዘርፍ ይጠይቃል። ሁለት ነገር ብዙ ጊዜ ቅጹ ላይ ስለማይኖር ራሳችሁ አስጽፉት። አንደኛው ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ተማሪ የወላጅ ፊርማ ነው። ሁለተኛው ጉዳት ቢደርስ የሚሄዱበት ጤና ጣቢያ ነው። በጎ ፈቃደኛው ደመወዝተኛ ስላልሆነ የሠራተኛ የጉዳት ካሣ አይመለከተውም። ቤተሰቡ የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆነ መታወቂያው የዘንድሮ መታደሱን አረጋግጡ፤ ካልሆነ ወረዳው ለጤና ጣቢያው አስቀድሞ ደብዳቤ እንዲጽፍ ጠይቁ። አሮጌ ቤት ሲፈርስ በዛገ ምስማር እግር መወጋት የዚህ ሥራ የዘወትር አደጋ ነው፤ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ክትባት በዚያው ቀን ካልተገኘ ነገሩ ቀልድ አይደለም። በሸበጥ መምጣት ይከልከል።

የወሎ ካላንደር የራሱ ባሕርይ አለው። ዓርብ ከቀትር ላይ ጁምዓ አለ፤ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አለ። ደሴ ዙሪያ ያለ ሰው ሰኞ ገበያ ይወጣል፤ ባቲም ገበያው ሰኞ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ስለሆነ ክርስቲያኑ ወጣት ቅዳሴ ያመሻል፤ ምግብም የሚቀምሰው ከሰዓት ነው። ይህን ሁሉ ሲያወጡት ለከባድ ጉልበት የሚመቹት ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ደሴ ላይ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ዝናቡ አይቀርም፤ በዚያ ሰዓት ጣሪያ ላይ ሰው ማውጣት አያስፈልግም።

ምሳው ሽሮ ወይም ምስር ይሁን። በአንድ ቤት እስላምና ክርስቲያን በሚኖርበት አገር ማን ያረደውን ማን ይበላል የሚለው ጥያቄ የሚፈታው ሥጋውን በመተው ነው። ጾመኛውም፣ የማይጾመውም ከአንድ ትሪ ይቆርሳል።

ደቦ ባለቤት አለው

የወሎ ገበሬ ደቦ ሲጠራ ነገሩ ግልጽ ነው። ጠሪው የማሳው ባለቤት ነው፤ ማጭዱን እያንዳንዱ ይዞ ይመጣል፤ የሚበላውን ጠሪው ያዘጋጃል፤ የታጨደው ነዶ ሲመሽ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። በመንግሥት በሚመራው በጎ ፈቃድ ጠሪው ወረዳው ነው፣ ሠራተኛው ተማሪው ነው፣ የሥራው ውጤት የሚቀረው ደግሞ ከሁለቱም ውጭ በሆነ ሰው እጅ ነው። ተማሪው መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ይገባል። ኃላፊው ሌላ ወረዳ ሊዛወር ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት «ጥቅምት ላይ ይህን ማን ይረከባል?» የሚለው ጥያቄ በስም መመለስ አለበት። «ኅብረተሰቡ» የሚል መልስ ማንንም አያስጠይቅም።

በወሎ ለዚህ የሚሆን ዝግጁ ነገር አለ፦ ቅሬ። በሌላው አገር እድር የሚባለው ነው። ቅሬው የአባላቱን ስም ዝርዝር ያውቃል፤ ድንኳን፣ አግዳሚና ብረት ድስት አለው፤ ከሁሉም በላይ ማን ጧሪ እንደሌለው፣ ማን ደግሞ ውጭ አገር ልጅ እያለው «ደካማ ነኝ» እንደሚል ያውቃል። ቀበሌው ለቤት እድሳት የሚመርጠውን ሰው ዝርዝር ለቅሬው አመራሮች አሳይቶ ማስፈረም የሁለት ሰዓት ሥራ ነው። ይህ ካልተደረገ በማግስቱ «የእገሌ ዘመድ ስለሆነች ነው» የሚለው ሐሜት ይጀምርና ሠፈሩ ውሃ እንኳ አያቀብልም።

ቤት እድሳት፦ ቆርቆሮ በሐምሌ፣ ልስን በመስከረም

ሪፖርት ላይ በጣም የሚያምረውና በጣም የሚበላሸው ሥራ ይህ ነው። የጡረተኛ ወይም የአቅመ ደካማ ቤት ፈርሶ ይሠራል። ከመዶሻው በፊት ግን ወረቀት አለ። ቤቱ የራሳቸው ነው ወይስ የቀበሌ ኪራይ? የይዞታ ማረጋገጫ አለ? ከሌለ ቀበሌው የነዋሪነትና የይዞታ ደብዳቤ ይጻፍ። ወራሽ ነኝ የሚል ካለ ሥራው ሳይጀመር ይጠራ። ቤት ከታደሰ በኋላ ዋጋ ያወጣል፤ እስከዚያ ድረስ ያልታየ የወንድም ልጅ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ቁሳቁስ። ከነጋዴ፣ ከድርጅትና ከግለሰብ የሚሰበሰበው ቆርቆሮና ምስማር ወረዳው ግምጃ ቤት በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) ወጪ ይደረግ። ተማሪ በካርቶን ገንዘብ እየሰበሰበ መንገድ ላይ አይቁም፤ ገንዘብ የሚሰጥ ካለ ሕጋዊ ደረሰኝ ወደሚቆርጠው ቢሮ ይሂድ። አለዚያ ነሐሴ ላይ የጎደለው ብር በልጆቹ ስም ይወራል።

አሁን ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ወለሉ 4 በ5 ሜትር የሆነ ቤት አለ እንበል። በሁሉም በኩል 50 ሴንቲ ሜትር ክፈፍ ሲተውለት ጣሪያው ከላይ ሲታይ 5 በ6 ሜትር ይሆናል። ሁለት ክንፍ ያለው ጣሪያ ከሆነ እያንዳንዱ ክንፍ ከተዳፋቱ ጋር 2 ሜትር ከ80 ገደማ ይረዝማል። ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ ሲደራረብ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበላዋል፤ ስለዚህ በቁመት አንድ ሙሉና አንድ ግማሽ ይበቃል። በወርድ አንዱ ቆርቆሮ ከተደራረበ በኋላ የሚሸፍነው 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ 6 ሜትሩን ለመሸፈን 8 ረድፍ ያስፈልጋል። ስምንት ጊዜ አንድ ተኩል 12፣ ለሁለቱ ክንፍ 24። አንድ ለብልሽት ሲጨመር 25 ቆርቆሮ ነው፤ የጣሪያው ጫፍ መክደኛ ለብቻው ይገዛል። «ሃያ ይበቃል» ተብሎ የተጀመረ ቤት አምስት ቆርቆሮ ሲጎድለው ግማሽ ጣሪያ ክፍት ሆኖ ይከርማል።

ለዚህ ነው አንድ ሕግ የማይጣሰው፦ ቁሳቁሱ ግቢ ውስጥ ሳይቆጠር ቤቱ አይፈርስም። የተገላቢጦሹ በየዓመቱ ያጋጥማል። ካሜራ ስላለ ቅዳሜ ጠዋት 40 ተማሪ ይመጣል፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ አሮጌው ቤት ይወርዳል፣ ቆርቆሮው «ሰኞ ይመጣል» ይባላል። ሰኞ አይመጣም። አሮጊቷ ሴት ሳጥናቸውን፣ ምጣዳቸውንና ጀበናቸውን በሸራ ሸፍነው ጎረቤት በረንዳ ላይ ያድራሉ፤ የሐምሌ ዝናብ ሸራውን ሆድ አስይዞት፣ ውሃውን በመጥረጊያ እንጨት ከሥር እየገፉ ሲያፈሱት ታያላችሁ። ያ አሮጌ ጣሪያ ቢያንጠባጥብም ጣሪያ ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት የጭቃው ነው። ጭቃው ከሸክላማ አፈርና ከጤፍ ጭድ ተቀላቅሎ ቢያንስ አንድ ሳምንት እየተረገጠ መቡካት አለበት፤ ጭዱ ሲለሰልስ ነው ጭቃውን የሚይዘው። በማግስቱ የተመረገ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቅና በቅርፊት በቅርፊት ይወርዳል። የመጀመሪያው ምርግ ሳይደርቅ ልስን ከተደረገበትም እንዲሁ ይላላል። ደሴ ላይ በነሐሴ ምርግ ይደርቃል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ እርጥበቱ ውስጡ ታፍኖ ማገሩን ያበሰብሰዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ሐምሌ ላይ መሠረት፣ ቋሚ፣ ማገርና ጣሪያ፤ ነሐሴ ላይ በጣሪያው ጥላ ሥር ምርግ፤ ልስኑ ፀሐይ ሲወጣ፣ ከመስቀል ወዲህ ወዲያ። ይህ ማለት ጳጉሜን ላይ ቤቱ «ተጠናቋል» ተብሎ ሊመዘገብ አይችልም ማለት ነው። «ጣሪያና ምርግ ያለቀ፤ ልስን በመስከረም» ብሎ መጻፍ ያስነቅፋል ተብሎ ስለሚፈራ እርጥቡ ቤት ላይ ቀለም ይቀባል።

የቀረው የአናጢ ሙያ ነው። መሠረቱ ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ድንጋይ ይሁን፤ ተዳፋት በሆነው የደሴ ሠፈር ከቤቱ ጀርባ ጎርፉን የሚያዞር ቦይ ይቆፈር። ኮምቦልቻና ቆቦ ምስጥ ስላለ የቋሚው እግር የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባ። የቆርቆሮ ምስማር ከነጎማው ጉብታው ላይ ነው የሚመታው፤ ተማሪ ሲመታ ግን ስለሚመቸው ሸለቆው ላይ ይመታል፤ ውሃ የሚወርደውም እዚያ ነው። ጣሪያ ላይ የሚወጣው የሚከፈለው አናጢና አንድ ረዳቱ ብቻ ይሁኑ። አንድ ቤት ላይ በአንድ ጊዜ ከ12 እስከ 15 ተማሪ በቂ ነው፦ ጭቃ የሚረግጥ፣ ውሃ የሚቀዳ፣ የሚያቀብል። አርባው ከመጣ ሃያ አምስቱ ይቆማል፤ የቆመ ወጣት ደግሞ ሁለተኛ ቀን አይመጣም።

ችግኝ፦ የተተከለውና የጸደቀው

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ አረንጓዴ አሻራ የክረምቱን በጎ ፈቃድ ትልቁን ድርሻ ይዞታል። ቁጥሩ በተተከለ ነው የሚወራው። የጸደቀው የሚቆጠረው በቀጣዩ ዓመት ነው፤ ያን ጊዜ የተከለው ተማሪ የለም።

ችግኝ የሚሞትበት ምክንያት ተደጋጋሚ ነው። ጉድጓዱ በተከላው ዕለት ይቆፈራል፤ መቆፈር የነበረበት ከአንድ ወር በፊት ነው፣ 40 በ40 በ40 ሴንቲ ሜትር፣ የላይኛው ለም አፈር ለብቻው ወጥቶ። ችግኙ ሲተከል ያ ለም አፈር ታች ይገባል። ሌላው የፕላስቲኩ ነገር ነው። የፕላስቲክ ከረጢቱን ሳይቀዱ መትከል የሚገርም ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው በጥድፊያ በሚተክልበት ቀን በየዳገቱ ይገኛል። ሥሩ ከፕላስቲኩ አልፎ መውጣት ስላልቻለ ችግኙ በኅዳር ይደርቃል። መቆጣጠሪያው ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ተማሪ የተከለውን ያህል ባዶ ፕላስቲክ ቆጥሮ ይመልስ። 20 ተክሎ 14 ፕላስቲክ የመለሰ፣ ስድስቱን ወይ ከነፕላስቲኩ ቀብሯል ወይ አልተከለም።

ጉድጓዱ ቀድሞ ከተዘጋጀ አንድ ተማሪ በግማሽ ቀን 20 ችግኝ ተረጋግቶ ይተክላል፤ 50 ተማሪ 1,000 ማለት ነው። በ2 ሜትር ርቀት አንድ ሔክታር 2,500 ችግኝ ስለሚይዝ፣ 50 ልጆች በአንድ ጠዋት ግማሽ ሔክታር እንኳ አይሞሉም። «ዛሬ 30 ሺህ እንተክላለን» ሲባል ይህን አስቡ።

ዝርያው በከፍታው ይመረጥ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጽድና ወይራ ይሆናታል፣ ከዚያ ከፍ ባለው ደጋ ኮሶ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ዋንዛና ግራር ይስማማታል። ቆቦ ቆላው ላይ ቁርቁራና ሽፈራው ይሻላል፤ በዚያ ላይ ዝናቡ ቶሎ ስለሚያቋርጥ ነሐሴ አጋማሽ ላይ የተተከለ ችግኝ ሥር ሳይሰድ በጋ ይደርስበታል። ዋንዛን ደጋ ላይ፣ ኮሶን ቆላ ላይ የሚያስተክለው የችግኝ ጣቢያው ክምችት ነው፤ «ያለው ይሄ ነው» ይባላል።

ከሁሉም የከፋው ጠላት ግን ከብት ነው። እህል ከተሰበሰበ በኋላ ከብቱ በየማሳውና በየዳገቱ ይለቀቃል። እዚህ ላይ ተረካቢው ያስፈልጋል፤ ሣሩን እያጨደ ለከብቱ የሚወስድ፣ ግን ከብቱን የማያስገባ የወጣት ማኅበር ወይም ቅሬ። የሣሩ ጥቅም በውል ካልተሰጠው ሰው ጥበቃ መጠበቅ ያስቸግራል።

ማስተማር፣ ደም፣ ቦይ

የማጠናከሪያ ትምህርት ከክረምቱ ሥራዎች ሁሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከማንም በተሻለ የሚሠራው ነው፤ ዶማ ለመያዝ እሱ አያስፈልግም። ስሕተቱ ሦስተኛ ክፍልና ስምንተኛ ክፍል በአንድ ክፍል ተቀምጠው ከመጽሐፉ ገጽ አንድ መጀመሩ ነው። በመጀመሪያው ቀን የግማሽ ሰዓት ፈተና ስጡ፦ አንድ አንቀጽ ያንብቡ፣ አሥር የስሌት ጥያቄ ይሥሩ። ከዚያ በክፍላቸው ሳይሆን በቻሉት ልክ መድቧቸው። ሰባተኛ ክፍል ሆኖ ማካፈል የማይችል ልጅ ብዙ ነው፤ እሱን አልጄብራ ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው። በሳምንት 4 ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለ6 ሳምንት 36 ሰዓት ይሆናል። ይህ ማካፈልንና ክፍልፋይን ለማስያዝ ይበቃል፣ የዓመቱን ትምህርት ለመሸፈን አይበቃም። ከሚሴ ወይም ባቲ የምትመደቡ ደግሞ ልጆቹ በአፋን ኦሮሞ እንደሚማሩ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቋንቋውን የማይችል በጎ ፈቃደኛ ቤተ መጻሕፍት ቢያደራጅ ይሻላል።

ደም የሚለግስ ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ፣ ከቀድሞ ልገሳው ሦስት ወር ያለፈው መሆን አለበት። ስለዚህ አብዛኛው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አይሆንም፤ ሰልፍ አስይዞ መመለስ ያሳፍራል። በጾም ሰዓት ልገሳ አይጠራ፤ ያልበላ ሰው ይወድቃል። ሌላም አለ፦ ቀይ የደም ሕዋስ የሚቀመጠው ለ5 ወይም ለ6 ሳምንት ያህል ነው፣ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ክፍል) ለ5 ቀን ብቻ። ሦስት መቶ ሰው በአንድ የምረቃ ቀን ከሚለግስ መቶ መቶ እየሆነ በየወሩ ቢለግስ ለሆስፒታሉ የተሻለ ነው። ቀኑን የሚወስነው የደም ባንኩ እንጂ የዝግጅቱ መርሐ ግብር አይሁን።

ቦይ ጠረጋ ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። ነሐሴ ላይ የተጠረገ ቦይ ጎርፉ ካለፈ በኋላ የተጠረገ ነው። ከቦይ የወጣው ደለልም በዚያው ቀን ካልተጫነ የማታው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል፤ የደሴው ከሆነ በቦርከና በኩል ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ይሄዳል። መኪናው ካልተረጋገጠ አካፋ አይነሣ።

ብሩ እንዴት ተሰላ?

ቀመሩ ይህ ነው፦ የሰው ብዛት ሲባዛ በቀን፣ ሲባዛ በቀን ሠራተኛ ሒሳብ፤ ከዚያ የተሰበሰበው ቁሳቁስ ዋጋ ይጨመራል። በራሱ ስሕተት የለበትም። ለምሳሌ 40 ተማሪ ለ15 ቀን ተመዘገበ፤ የቀን ሠራተኛ ዋጋ 300 ብር ነው እንበል። አርባ በ15 በ300፣ 180,000 ብር። ሥራው ግን የሚካሄደው እስከ 6 ሰዓት ስለሆነ ግማሽ ቀን ነው፤ 90,000 ይሆናል። የመገኘት መዝገቡ ሲታይ በአማካይ የመጣው 25 ነው፤ 56,250 ብር። እንግዲህ ሦስቱም ቁጥር «የ15 ቀን ሥራ» ነው፤ ሪፖርት ላይ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

የተሳታፊ ብዛትም እንዲሁ ያብጣል። አርባዎቹ ልጆች ችግኝ ተክለው፣ ቦይ ጠርገው፣ ቤት ካደሱ በየዘርፉ ሦስት ጊዜ ተቆጥረው 120 ይሆናሉ። ጉዳቱ በቀጣዩ ዓመት ይመጣል፦ ዞኑ በ120 ላይ አሥር በመቶ ጨምሮ ለቀበሌው 132 ዕቅድ ያወርዳል፤ በቀበሌው ያለው ወጣት ግን ያው አርባ ነው። ቀበሌው ቁጥሩን ለመሙላት ሌላ የመፍጠር ግዴታ ውስጥ ይገባል። ይህን ለመስበር ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ የመዝገብ ቁጥር መስጠትና ሥራውን በዚያ ቁጥር ሥር መመዝገብ ይበቃል፤ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው ወጪው።

የምስክር ወረቀቱ

በማጠቃለያው ቀን የሚታደለው የምስክር ወረቀት «ላበረከቱት የላቀ አስተዋጽኦ» ይላል፤ ምን እንደተሠራ አይልም። ቀጣሪ ሲያየው ምንም አያነብበትም። ከነሐሴ መጨረሻ በፊት ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አራት ነገር እንዲሰፍርበት ጠይቁ፦ የተሠራው ሥራ ዓይነት፣ የተገኛችሁበት ቀን ብዛት ከመገኘት መዝገቡ የተወሰደ፣ የመዝገቡ ቁጥርና የፈራሚው ስም ከነኃላፊነቱ። ማኅተሙ ፊርማው ላይ ይረፍ። «ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው የታተመው» ከተባላችሁ በተራ ወረቀት የተጻፈና ፕሮቶኮል ቁጥር ያለው ደብዳቤ ይሻላችኋል፤ ቀሪው መዝገብ ቤት ስለሚቀመጥ ኃላፊው ቢቀየርም ከሁለት ዓመት በኋላ ሄዳችሁ ታገኙታላችሁ።